የስኳር ቀጠሮ በደምቢያ

ጎንደርን የሕክምና ከተማ ያደረጋት ወረርሽኝ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ወባ ደምቢያ ሜዳ ላይ ተነሥታ ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ፈጀች። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን ጎንደር ላይ ከፈተ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ያወጣው ሐኪም አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ገጠር ይወርዳሉ፤ ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሳኒተሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። ሕክምናው ሰው ወዳለበት ይውረድ የሚለው ሐሳብ በእኛ አገር የዚያን ያህል ዕድሜ አለው። ኋላ የማወጋው የስኳር ክትትልም የበቀለው ከዚያው ሐሳብ ይመስለኛል።

እኔ ብዙ ዘግይቼ፣ በደርግ ጊዜ፣ ነርስነት ተምሬ ወጣሁና የሥራ ዘመኔን ትልቁን ክፍል ደምቢያ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አሳለፍሁ። መጀመሪያ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ነበርሁ። ኋላ ሌላው የሸሸውን ክፍል ሰጡኝ፦ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል። ባልደረቦቼ አዘኑልኝ፤ በዚያ ክፍል ድኖ የሚሄድ ሰው የለምና። እኔ ግን አልጠላሁትም። ሌላው ክፍል ሰው አክሞ ይሸኛል፤ የእኔ ክፍል ሰው አብሮት ያረጃል። የልጃቸውን ሰርግ፣ የበሬያቸውን መሞት፣ የአማታቸውን ክፋት ሁሉ አውቃለሁ።

ኮሮና የገባ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያነሣው የኅዳር በሽታን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የገባው ያ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ቀባሪ አሳጥቷታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየሰበሰብን ሰፈር የምናጥነውም በዚያ መዘዝ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ኅዳር የስኳር በሽተኛ ቀጠሮ አላመለጠውም፤ ቀጠሮ መቼ ኖሮት! ኢንሱሊን ገና አልተገኘም። ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ላይ ከእንስሳ ቆሽት ያወጡት መድኃኒት ሊዮናርድ ቶምሰን በሚባል የ14 ዓመት ልጅ የተሞከረው በጥር 1914 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ሥራ ያቆመ ልጅ፣ ቶሮንቶም ይወለድ የደምቢያዋ ቆላድባ፣ እየጠጣ እየጠማው፣ እየበላ እየከሳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልፍ ነበር። ወረርሽኝ ሊያቋርጠው የሚችል ክትትል መኖሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

ያ ክትትል በእኛ ዘንድ እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ፤ በሬዲዮ ሲነገር ሰምቼ አላውቅምና።

ሥራ ስጀምር ዛሬ ጣት ወግተን በደቂቃ የምናነብበት መሣሪያ አልነበረንም። የነበረን ቤኔዲክት ነው፤ ሰማያዊ ፈሳሽ። ከእሱ 5 ሚሊ ሊትር መስታወት ቱቦ ውስጥ ታደርጊያለሽ፣ 8 ጠብታ ሽንት ትጨምሪያለሽ፣ ቱቦውን በመቆንጠጫ ይዘሽ እሳት ላይ ታፈይዋለሽ። ሰማያዊው ካልተለወጠ ስኳር የለም። አረንጓዴ ካለ ጥቂት አለ። ቢጫ ይሆናል፣ ብርቱካናማ ይሆናል፤ የጡብ መልክ ይዞ ከደፈረሰ ነገር ተበላሽቷል። ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተል ነበር። ችግሩ ሽንት የሚናገረው ያለፈውን መሆኑ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ180 ገደማ ካላለፈ ደግሞ ጨርሶ አይናገርም። ቢሆንም ያን ጊዜን በአንድ ነገር እናፍቀዋለሁ። በሽተኛው አጠገቤ ቆሞ ቀለሙን አብሮኝ ያይ ነበር። ዛሬ «240» ስለው ዝም ብሎ ያየኛል፤ ያኔ ግን ቱቦው ቀይ ሲሆን ከእኔ ቀድሞ «ኧረ በሞትሁት!» ይል ነበር።

መርፌው የመስታወት ነው፤ በድስት ይቀቀላል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት የለም። ኢንሱሊን ሙቀት እንደማይወድ ስንነግራቸው ዘዴውን ያመጡት እነሱ ናቸው ብል አላጋነንሁም። እርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ በዚያ ይገባል፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጫል። ቤቷን ልጎበኝ የሄድሁባት አንዲት እናት ገንቦውን ከምሰሶው ሥር ቀብራ፣ አፉን በሰፌድ ከድና፣ ሰፌዱ ላይ ድንጋይ ጭናበታለች። «ድንጋዩ ለምንድን ነው እሜቴ?» ብላት፣ «ለልጆቹ ነዋ! ከረሜላ መስሏቸው ቢያወጡትስ?» አለችኝ። የሸክላ ዕቃ ነገር ዛሬ በስኳር ሕክምና ማሠልጠኛ ላይ ሁሉ ይነገራል። ደምቢያ ውስጥ ግን ከማንም ሥልጠና በፊት ሲሠራበት አይቻለሁ።

እንግዲህ መድኃኒቱን ለማግኘት የግድ ጎንደር መሄድ ነበር። ከጎርጎራ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቆላድባ የግማሹን ያህል ትርቃለች፤ ከቆላድባ ወዲያ ማዶ ጣና ዳር ያሉት ቀበሌዎች ደግሞ መኪና መንገድ ለመውጣት ብቻ የግማሽ ቀን እግር አላቸው። የወር ቀጠሮ ያለው ገበሬ ከሌሊቱ ይነሣል፤ ለምርመራው ሆዱን ባዶ መሆን አለበት ተብሏልና ሳይቀምስ ይጓዛል፤ ካርድ ክፍል ወረፋ ይዞ ረፋድ ላይ ይለካል። ቁጥሩ 90 ይወጣል። ሐኪሙ ደስ ብሎት «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ብሎ ይሸኘዋል። ያ ስኳር ግን የሰውየው ስኳር አይደለም፤ የመንገዱ ነው። አዳር ተጉዞ ሳይበላ የደረሰ ሰው ስኳሩ ባይወርድ ነበር የሚገርመው። ይህን ለማወቅ ሰውየው የሚኖርበትን አገር ማወቅ ይጠይቃል፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ በእኛ ደረጃ የሚታሰብ አልነበረም።

ስኳር የሀብታም በሽታ ነው የሚባለው ነገርም ደምቢያ ላይ አይሠራም። የእኛዎቹ ኢንሱሊን ፈላጊዎች አብዛኞቹ ወጣት፣ ቀጫጭን፣ ወንዶች፣ አራሾች ናቸው። የጎንደሩ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጽፈው፣ በልጅነት የተራበ ሰውነት የሚያመጣው የስኳር ዓይነት አለ የሚለው የተዘጋ ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ዓይነት ብሎ ስም ሲሰጠው ብዙ ሰው አዲስ ግኝት መስሎት ነበር። እኔ በክፍሌ በር ሲገቡ ስንት ዓመት አይቻቸዋለሁ፤ የወገባቸው መቀነት ሁለቴ ዞሮ የሚተርፍ ልጆች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች አንድ ነገር ጀመሩ። አብረዋቸው የነበሩት ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ናቸው፤ ቀድሞ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ያስተማሩ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ቴት የተባለውን የጤና ድርጅት የመሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የልብ በሽተኛው ሆስፒታሉን ከመጠበቅ ይልቅ የጤና ጣቢያ ነርስ ሠልጥና እዚያው ትከታተለው፤ ሐኪሙ በየጊዜው እየወረደ ይይ፤ የከፋው ብቻ ይላክ። የአዲስ አበባው የስኳር ሕሙማን ማኅበር፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ስለ ትምህርትና ስለ መድኃኒት አቅርቦት ሲጮህ ቆይቷል፤ ርቀትን ግን ነገሬ ብለው የያዙት እነዚህ ናቸው።

ቀላል ሐሳብ ሁሉ በቀላሉ አያልፍም። «ነርስ ኢንሱሊን ልታስተካክል?» ብሎ ስብሰባ ላይ የሳቀብኝ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ትልቅ ቦታ ነው ያለው። እኔ ግን ለዚያ ሰው የምለው አለኝ። መጠን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ከባዱ የሌሊቱን ሁኔታ ማወቅ ነው፦ ሰውየው እራቱን ስንት ሰዓት በላ፣ ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ ዛሬ አርሷል ወይስ ሰንበት ነው፣ ጠላ ቤት ገብቷል አልገባም። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኢንሱሊን መጠን ያልተነገረው ገበሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ያንኑ መርፌ ወግቶ፣ ማሳው ላይ ይወድቃል። ያን የምታውቀው ነርሷ ናት፤ እሷም እየጾመች ነዋ።

በዚህ ዓይነት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ተሠራ። ክትትሉ የራሱ ልማድ ነበረው። የገበያ ቀን ተመርጦ ቀጠሮ ይሰጣል። ከክፍሌ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሮጌዎቹ አዲሶቹን ያስተምራሉ፤ መርፌ መያዝ፣ ቆዳ መቆንጠጥ፣ ሆድና ጭን እያፈራረቁ መውጋት። አዲስ መርፌ የተጀመረለት ልጅ ከእኔ ይልቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ጎረምሳ ያምናል። ከዚያ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር። ከዚያ ጫማ ይወልቃል። ስለ ጫማው ልብ በሉ። የቆየ ስኳር የእግርን ስሜት ይገድላል፤ ሰውየው ሚስማር ረግጦ አይሰማውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ተንበርክኬ ተረከዙን፣ በጣቶቹ መሐል፣ የጥፍሩን ጥግ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ለሴት ማሳየት ያፍሩ ነበር። «አይ ዶክተር፣ ተዪው፣ አልታጠብሁም» ይላሉ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ በእኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

ክትትሉ ወቅትም ነበረው። የደምቢያ አፈር ዋልካ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ያን ጭቃ እንኳን መኪና በቅሎም አይደፍረው። ሁልጊዜ በክረምት ቀጠሮ ይጓደላል። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ፣ አዝመራ ገብቶ መንገድ ደርቆ ገበሬው እጁን ባሳረፈበት ወራት፣ የክረምቱን ጉድለት እናካክሳለን፤ የተበላሸ ስኳር እናስተካክላለን፤ ለዓይን ምርመራ ጎንደር እንልካለን። መጋቢትና ሚያዝያ የእኔ መኸር ነበሩ።

ኮሮና የገባው በዚህ ወቅት ነው።

የመጀመሪያው ሰው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ትምህርት ቤት ተዘጋ። በመጋቢት መጨረሻ በሽታው በክልላችን ተገኘና ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን ተዘጉ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚሄደው መኪና ቆመ፤ ኋላ ሲፈቀድ በግማሽ ሰው እየጫነ በእጥፍ ዋጋ ሆነ። በእጥፍ ዋጋ ማለት ለእኛ ሰው አንድ ዶሮ ሸጦ ይሄድ የነበረው ሁለት ይሽጥ ማለት ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ጀሪካን በቧንቧ ተተከለ፤ ገመድ ተሳበ። አግዳሚው ወንበር ሰው ያጠጋጋል ተብሎ ተነሣ። እኔ ሙቀት መለኪያ ይዤ በር ላይ ቆምሁ፤ ክትትሉን ሌላ ሥራ ባለባት አንዲት ልጅ ላይ ደረቡት። ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት ወር 155 አገሮችን ጠይቆ፣ በ49 በመቶው የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መቋረጡን፣ በ94 በመቶው ደግሞ በእነዚህ በሽታዎች ላይ የሚሠሩ የጤና ሚኒስቴር ሠራተኞች በሙሉም ሆነ በከፊል ወደ ኮሮና ሥራ መዛወራቸውን አስታውቋል። ኋላ ይህን ሳነብ፣ ያ ሁሉ ሙቀት መለኪያ የያዘ ሰው ከየትኛው ክፍል ተነሥቶ እንደመጣ ገባኝ።

ሰዎቹ ግን ለምን ቀሩ? መኪና ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ በእግራቸው ይመጡ የነበሩትም ቀርተዋል። ሬዲዮው በየሰዓቱ «ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይጠንቀቁ፣ ከቤት አይውጡ» ይላል። እውነት ነው፤ በሽታው በእነሱ ላይ ይከፋል። ነገር ግን ከቤት አትውጣ የተባለው ሰው በወር አንዴ የሚወጣው ወደ እኛ ነበር። ያን ማስታወቂያ የጻፈው ሰው «ለክትትላችሁ ሲቀር» የምትል ሐረግ ቢጨምር ምን ነበረበት? መጋቢት ውስጥ አልተጨመረችም። ኋላ መጣች፤ ሰው ግን የሚይዘው መጀመሪያ የሰማውን ነው። «ሐኪም ቤት በሽታው ያለበት ቦታ ነው» የሚለው ወሬም ከመኪናው ቀድሞ ገጠር ገብቷል።

ስልክ እንደውል ተባለ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። መዝገቡን ገልጠን መደወል ጀመርን። ግማሹ ቁጥር የጎረቤት ነው። ሌላው የልጅ ነው፤ ልጁ መተማ ሰሊጥ ሥራ ሄዷል። «አባትህ ኢንሱሊን አላቸው ወይ?» ትይዋለሽ፣ «እኔ ከወጣሁ ወር አልፎኛል እኮ እቴ፣ ምን አውቄ» ይላል። ያገኘናቸውን ግን ጠየቅን። ከመልሶቹ ሁሉ አንደኛው ራሴን አስያዘኝ። ሰው ሁሉ ለኮሮና ይሆናል ብሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይወቅጥ ነበር፤ የእኔ ስኳር በሽተኞችም ወቀጡ፤ እንዲጣፍጥ ደግሞ በማር ለወሱት። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ። «ማርኮ መድኃኒት ነው» አሉኝ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ፤ ለማንም ሌላ ሰው ቢናገሩት ልክ ነበሩ።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው የመድኃኒት ማራዘም ነው። የረጋ በሽተኛ የወሩን ሳይሆን የሁለት የሦስት ወሩን ይውሰድ፤ ራሱ ካልመጣም ቤተሰብ ይላክ። ለክኒን ይህ ድንቅ ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው ለምን በየወሩ እናመላልሳቸው እንደነበር ያሳየን ያ ጊዜ ነው። ሜትፎርሚን የሚውጥ፣ ስኳሩ የረጋ ሰው በየወሩ የሚመጣበት የሕክምና ምክንያት የለም። በየወሩ የሚመጣው የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የወር ብቻ ስለሚይዝ ነበር። የዕቃ አያያዝ ችግር የሕክምና ሥርዓት መስሎ ኖሯል። ይህን ስል የሚከፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ይክፋቸው።

ለኢንሱሊን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከተከፈተ ደግሞ አራት ሳምንት ግድም ነው የሚያገለግለው። የሦስት ወር ኢንሱሊን ለደምቢያ ገበሬ መስጠት ማለት ሦስቱን ብልቃጥ ለአንድ ገንቦ አደራ ማለት ነው፤ ያውም በሚያዝያ ሐሩር። ገንቦ ለወር ይበቃል፤ ለሦስት ወር እኔም አልምልም። አንዳንዱ ቤት ሦስተኛው ብልቃጥ ሲከፈት ኃይሉ እንደደከመ ያወቅነው ከሰዎቹ ሁኔታ ነው፤ ያንኑ መጠን ይወጋሉ፣ ሽንታቸው ግን አልቆም አለ። አንድ ወጣት በቃሬዛ አመጡልን፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ ደረቱ ይንጠዋል። ስኳር የሚያውቅ ነርስ ያን ሽታ ከበር ይለየዋል። በር ላይ ግን ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሁሉ በመጀመሪያ የኮሮና ተጠርጣሪ ነበር፤ ልጁም ናሙና እስኪወሰድለት ለብቻው ክፍል ገባ። ኢንሱሊንና ፈሳሽ እዚያው ጀመርንለት፤ ለምነን፣ ተሟግተን ጎንደር ላክነው። ተርፏል። እንደሱ ያልተረፉ እንዳሉ ከየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰምተናል፤ የእነዚያ ሞት ግን በማንም መዝገብ ኮሮና ተብሎም ስኳር ተብሎም አልተጻፈም።

ከዚያ ክረምት መጣ። ይህ ነው ሩቅ ያለ ሰው ያልገባው። ለሌላ አገር ወረርሽኙ የጥቂት ወር ማቋረጥ ነበር፤ ለእኛ የበጋው መዘጋት ከክረምቱ ጭቃ ጋር ተያያዘ። በመጋቢት የቀረ ሰው ሰኔ ቢፈቀድለትም ዘር ላይ ነው፤ ሐምሌ መንገድ የለውም። ዐዋጁ ጳጉሜን ላይ አብቅቶ መስከረም 2013 ሲጠባ፣ ስድስት ወር ሙሉ ያላየናቸው ሰዎች አደይ ሲፈነዳ መምጣት ጀመሩ።

የመጡት ሁሉ ከፍተው አልመጡም። ክኒን ተራዝሞላቸው የነበሩት አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ተሽሏቸዋል፤ እየተመላለሱ ከመድከም አርፈዋል። ያስደነገጠኝ እግር ነው። አንድ አያ የምላቸው ሽማግሌ አሉ፤ ልጃቸው በየቀጠሮው እየመጣ ክኒናቸውን ሲወስድ ከርሟል፤ አንድም አላስተጓጎለም። መስከረም ላይ ራሳቸው መጡ። ስኳራቸው 150 ነው፤ አመሰገንኋቸው። ኮንጎ ጫማዎን ያውልቁ አልኋቸው። በአውራ ጣታቸው ሥር ሳንቲም የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ዳሩ ነጥቷል፣ ውስጡ ጠቁሯል። ጫማው ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል የእሾህ ጫፍ ወጥቷል። እሾሁ መቼ እንደገባ አያውቁም። «አላመመኝምኮ!» አሉኝ፤ «መድኃኒቴንም አንድ ቀን አላስቀረሁ።» ልክ ናቸው። መድኃኒቱ በየወሩ ቤታቸው ገብቷል፤ እግራቸው ግን ስድስት ወር እኔ ዘንድ አልመጣም። ጎንደር ላይ ጣታቸው ተቆረጠ። ጣት ብቻ መሆኑ ዕድለኛ አድርጓቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ አገራችን ቀጠሮ ያቋረጠው ወረርሽኝ ብቻ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች በ2014 ዓ.ም. ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም ሲናገሩ፣ እኔ ፖለቲካውን ትቼ ስለ ገንቦዎቹ አሰብሁ፤ ገንቦው አለ፣ የሚገባበት ብልቃጥ የለም። በእኛም በኩል መንገድ ተዘግቶ ያውቃል። ሁሉም ጊዜ ያየሁት ያው ነው፤ የሚቀረው መጀመሪያ ሩቅ ያለው ነው፤ ክትትሉ ቀበሌው አጠገብ የሆነለት ግን በጓሮም ዞሮ ይመጣል። በኮሮናው ወራት እንኳ የጤና ጣቢያችን ከተማ ነዋሪዎች ከሞላ ጎደል አልተጓደሉም።

ይህን ሁሉ አይተን ግን መኪናው እንደተፈታ የወር ቀጠሮው ተመለሰ። ማንም ይመለስ ብሎ አልወሰነም፤ መድኃኒት ቤቱ የሦስት ወር መስጠት ሲያቆም በራሱ ተመለሰ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ የቀጠሮ ካርዱ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፤ አንዱ የመድኃኒት ቀን፣ አንዱ የሰውየው ቀን። መድኃኒቱን ልጅም ጎረቤትም ይውሰድ፣ የሦስት ወሩም ይሰጥ፤ የሰውየው ቀን ላይ ግን ራሱ ይምጣ፣ ጫማ ይወልቅ። ኢንሱሊን ለሚወጉት ደግሞ መድኃኒቱ በየወሩ፣ ግን ሩቅ ላሉት በጤና ኬላው በኩል፣ በበረዶ ሣጥን፣ ከክትባቱ ጋር። ክትባት በየወሩ በበረዶ ሣጥን ቀበሌ ይወርዳል፤ ከጎኑ አምስት ብልቃጥ ኢንሱሊን ማስቀመጥ ቦታ አያጣብብም።

ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትሁ። የበረዶ ሣጥኑ የክትባት ፕሮግራም ንብረት ስለሆነ ለሌላ አገልግሎት አይውልም የሚል መልስ መጣ፤ ካርዱን በተመለከተ ደግሞ ቅጹ ከላይ የሚወጣ ስለሆነ ሊለወጥ አይችልም ተባለ። ስለ ሣጥኑ አሁንም እየተከራከርሁ ነው። ካርዱን ግን በማስመሪያና በእስክርቢቶ ራሳችን ከሁለት እየከፈልነው ነው፤ በክፍሉ አብራኝ ያለችው አዲሷ ልጅም መስመሩን ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርጋ ታሰምራለች።